ካፏጨ፣ ሩጪ

ሰኞ፣ 4

ብርዱ ገባ። ያወቅሁት ከሰማዩ አይደለም፣ ከአግዳሚ ወንበራችን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሉ ወንበር ጢም ብሎ ነበር። ከስድስት ልጆች አምስቱ አስም፣ ትልቁ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ። በዚህ ዕድሜ "አፈነኝ" ማለት የለም። ጎድናቸው እየገባ እየወጣ እናታቸውን ያያሉ፣ በቃ።

ነብላይዘራችን፣ ያ መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጎ የሚያወጣው ማሽን፣ ባለፈው ሳምንት ሞቷል። ጠጋኙን ስንጠይቀው "ነገ" ይላል። አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስሠራ የዚህን ሰውዬ ነገ አላየሁትም። ስለዚህ ወደ ጠርሙሳችን ተመለስን። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በጋለ ሽቦ እበሳለሁ፣ ፓፉን፣ የአስሙን መድኃኒት መንፊያ፣ እሰካበታለሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋለሁ፣ በአፉ በኩል የሕፃን ማስክ እገጥማለሁ። ከዚያ እናቶቹን ማሠልጠን ነው፦ ነቅንቂ፣ አንዴ ንፊ፣ ስድስት ትንፋሽ ቁጠሪ፣ ደግመሽ ነቅንቂ። መነቅነቁን የምትረሳዋን እቆጣለሁ። ያልተነቀነቀ ፓፍ ንፋስ ነው።

ወገቤ ለሁለት ተከፈለ። ይብቃኝ።

ረቡዕ፣ 6

ጉንጮ መጣች። ስሟ ካርዷ ላይ አለ፣ እኔ ግን ካየኋት ቀን ጀምሮ ጉንጮ ነው የምላት። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ ከፊቷ ጉንጯ የሚበዛ። እናትየው ፀጉር ሠሪ ናት፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ፀጉር ቤት ተቀጥራ። ልጅቷን የምትተውላት ሰው ስለሌላት ከፀጉር መታጠቢያው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ታስተኛታለች። የሚረጨው ስፕሬይ በሙሉ የሚወርደው እሷ ላይ ነው።

"ከዚያ አውጪያት" አልኳት።

"እሺ ሲስተር" አለች።

የት እንደምታደርጋት አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

በየሃያ ደቂቃው ሦስት ዙር ሰጠናት። በሦስተኛው ላይ ጉንጮ ማስኩን ከእጄ ነጥቃ እኔ አፍ ላይ ለጠፈችው። ዛሬ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ እናትየው ዞር ብላ "ሲስተር፣ መቼ ነው የሚያስፈራው? መቼ ነው የማመጣት?" አለችኝ። ከኋላዋ አሥር ሰው ቆሟል። "ደረቷ ካፏጨ፣ ሩጪ" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴ ወደድኩት። ለቀጣይዋም እንዲሁ አልኳት፣ ከእሷ ለቀጠለችውም። ካፏጨ፣ ሩጪ። እንቅልፍ ያጣች እናት እንኳ የማትረሳው ነገር ነው።

ዓርብ፣ 8

ሜትረኗ፣ የሁላችንም ነርሶች አለቃ፣ ኮሪደር ላይ ሁለት እናቶች "ካፏጨ ሩጪ" ሲባባሉ ሰምታ መጣች። "ማን ነው ያወጣው?" አለች። እኔ ነኝ አልኩ፣ ጥፋት መስሎኝ እየፈራሁ። "ጎበዝ!" አለችኝ። ጉድ ነው። ከዚያች ሴት አፍ "ጎበዝ" ሲወጣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ሳይደነግጥ አልቀረም።

ሥዕል ተደርጎበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ አለች። ጥሩ ከሆነ አሳትማ ለጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ትበትነዋለች። ልጄ ትሳልልኛለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እጇ ወርቅ ነው። ስለ ምላሷ አልናገርም፣ ከማን እንደወረሰችው ስለሚታወቅ።

ቅዳሜ፣ 9

እየሳለች ነው። ደረቱ ላይ ፊሽካ የተንጠለጠለበት ሕፃን፣ ነጠላ ጫማዋ እየበረረ የምትሮጥ እናት። ያስቃል፣ ያምራል።

እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

"እማ፣ ካላፏጨስ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ካላፏጨማ ተመስገን ነው፣ ቁጭ ትበል።"

"አይ፣ ማለቴ ታሞ ግን ካላፏጨ?"

"አንቺ ልጅ፣ ሥዕልሽን ሳዪ!"

የዛሬ ልጅ አንድ መልስ ሲሰጡት ሁለት ጥያቄ ይወልዳል። ውሃው ቀዘቀዘብኝ።

ማክሰኞ፣ 12

አሥራ አራት ልጆች። አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ለሁለት። ምሳ የለም። ሥዕሉ ተለጠፈ፣ በሩ ፊት ለፊት። አንዷ አያት ፎቶ አነሱት።

ሐሙስ፣ 14

ጉንጮ ደግማ መጣች። እናትየው እየሮጠች ገባች፣ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ሸራ ጫማ። ደንበኛዋን ግማሽ ፀጉሯ እንደተጠቀለለ ጥላት ነው የመጣችው። "ካፏጨ ሩጪ ብለውኛል፣ ሮጥኩ!" አለች እያለከለከች። በሁሉም ፊት አመሰገንኳት። "እናት ማለት እንዲህ ናት" አልኩ። ፊቷ በራ።

ልጁ ዶክተር ጉንጮን መረመራት። ዘንድሮ ነው የተመረቀው፣ እኛ "ልጁ ዶክተር" ነው የምንለው፤ እሱ ደግሞ እኔን "እርስዎ" ይለኛል፣ ባለኝ ቁጥር አሥር ዓመት እጨምራለሁ። ወጥቶ ሥዕሉ ፊት ቆመ። "ጥሩ መፈክር ነው ሲስተር" አለኝ። "ብቻ…" ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ክፍል ተጠራ። ከተመለሰ በኋላ እኔም አልጠየቅሁትም። ወጣት ሐኪም "ብቻ" ሳይል አንድ ቀን አይውልም።

እሁድ፣ 17

ዕረፍት። ዕረፍት ይበሉት እንጂ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ጆሮዬ አላረፈም። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ያፏጫል፣ የበሩ ማጠፊያ ያፏጫል፣ ልጄ ተኝታ አፍንጫዋ ትንሽ ዝግ ሲል ተነስቼ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። "እማ፣ ደህና ነኝ፣ ተኚ" አለችኝ። ማን እናት ማን ልጅ እንደሆነ እንጃ።

ሐሙስ፣ 21

ጉንጮ።

አሁን መጻፍ አልችልም።

ዓርብ፣ 22

ልጻፈው፣ አለዚያ እንቅልፍ የለም።

ትናንት አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ጠርሙስ እየበሳሁ ቀና ስል የጉንጮ እናት በሩ ላይ ናት። አልሮጠችም። እየተራመደች ነው የገባችው፣ ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ተኝታ። እንዲያውም ፈገግ ልትል ፈልጋ ነበር መሰለኝ። "ሌሊቱን ስታፏጭ አደረች፣ በጨለማ መኪና አጥቼ ፓፉን ስሰጣት አደርኩ። ሊነጋ ሲል ልሮጥ ብድግ ስል ማፏጨቱን ተወችኮ ሲስተር! ተሻላት ብዬ ሥራ ይዣት ገባሁ። አሁን ግን… አልነቃ አለችኝ።"

ከትከሻዋ ላይ ሳነሳት አንገቷ ወደ ኋላ ታጠፈ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በጀርባ። ምንም። ጎድኗ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም፣ አይወጣም። አስም ልጅ ሊወስድ ሲል አያፏጭም። የሚያፏጭበት አየር የለማ። ይህን ገና ተማሪ ሳለሁ ነው የተማርኩት፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ።

እጄ ግን ያውቃል፣ እግዜር ይስጠው። ኦክስጅን። ጠርሙሱ፣ አሥር ፓፍ፣ በጭንቅ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ስትስብ። ልጁ ዶክተር እየሮጠ መጣ። ደም ሥሯ አልገኝ አለ፣ እጇ ላይ፣ እግሯ ላይ፣ በመጨረሻ ራሷ ላይ አገኘሁት። የደም ሥር መድኃኒቱን ቀስ አድርገን ማንጠባጠብ ያዝን። መሃል ላይ መተንፈሱን ጭራሽ ልትተወው ስትል በእጅ የሚጨመቀውን ማስተንፈሻ አደረግንላት፣ እሱ ይጨምቃል እኔ እቆጥራለሁ። እናትየው የልጇን ሁለት እግሮች ይዛ ቆማለች። ውጪ አላስወጣናትም።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ ካርዱ ላይ አለ፣ ሃምሳ ሁለት። እኔ አንድ ዓመት ነው የመሰለኝ። ከዚያ ልጁ ዶክተር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ፊቱ ተለወጠ። "አፏጨች!" ብሎ ጮኸ፣ ወንድ ልጅ የተወለደለት ይመስል። "ሲስተር፣ አፏጨች!" እኔም ሰማሁት። ቀጭን፣ የታመመ ፉጨት። ከሱ ኋላ ግድግዳው ላይ የልጄ ሥዕል አለ፣ ፊሽካው፣ የምትሮጠው እናት።

ነገሩ ረገብ ሲል እናትየውን ጠየቃት። "እናቴ፣ ለምን እስካሁን ቆየሽ?"

እሷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ መሬት አቀርቅራ "በኔ ስንፍና ነው ዶክተር" አለች። "ሥራ በዝቶብኝ።"

ካርዱን የምሞላው እኔ ነኝ። "እናት ዘግይታ ነው ያመጣቻት" ብዬ ጻፍኩ። ዘግይታለች ደግሞ። ውሸት አልጻፍኩም።

እሁድ፣ 24

ጉንጮ አልጋ ይዛ ተኝታለች፣ ዓይኗን ገልጣለች፣ ወተት ጠጥታለች። ተመስገን።

በግርግር መሃል እናት ብዙ ነገር ትናገራለች። ያንን ሁሉ ይዞ የሚያመነዥግ ሰው ይህን ሥራ አይሠራም። ደግሞ ያልነቃች ልጅ ይዞ ሥራ የሚገባ ማን ነው? ካፏጨ ሩጪ ማለት ካላፏጨ ቁጭ በይ ማለት አይደለም። ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ከኋላዋ አሥር ሰው ቆሞ ነበር፣ ስለ አስም ሙሉ ትምህርት ልሰጣት ነበር እንዴ? እኔ ምን ላድርግ? አንድ እኔ ነኝ።

ልጄ "እማ፣ ሥዕሉን ወደዱት?" አለችኝ። ወደዱት አልኳት። ሌላ አልነገርኳትም፣ ድክም ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ 26

ሜትረኗ ጠራችኝ። ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ሁለት ሺህ ቅጂ። "ስምሽን ከሥሩ እናስገባው፣ ይገባሻል" አለች። "ላስብበት" አልኳት። "ምን ይታሰብበታል፣ አንቺ ደግሞ ትሕትናሽ!" ብላ ሳቀች።

ከቢሮዋ ወጥቼ በተኝቶ መታከሚያው ሳልፍ የጉንጮ እናት የአጠገቧን አስታማሚ ፀጉር እየጎነጎነች ነው። እጇ ሥራ ፈቶ መቀመጥ አይችልም መሰለኝ። ሳታየኝ ሰማኋት።

"እኔው ነኝ ልጨርሳት የነበርኩት" ትላለች። "ሲስተርማ በደንብ ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ የማልረባ።"

ያቺኛዋ "ምን ነበር የነገረችሽ?" አለቻት።

እሷ ሌላ ጉንጉን ጀመረች። እኔም በመጣሁበት ተመለስኩ። ሄጄ ጠርሙስ በሳሁ፣ አሥራ አንድ ጠርሙስ፣ ለዛሬ የማያስፈልግ። ጣቴን በሽቦው አቃጠልኩት።

ረቡዕ፣ 27

ሆድ ይፍጀው ይባላል። የኔ ሆድ ግን አይፈጀውም፣ ይመልሰዋል እንጂ። ብነግራትስ ምን ይጠቅማታል? ልጇ ድናለች። አሁን ሐኪም ቤቱን ማመን ነው የሚያስፈልጋት። ደግሞ ሜትረኗ ብትሰማ…

ደግሞ ምን? አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ አንድ "ጎበዝ" ነው ያለኝ። እሱን ላለማጣት ነው ይህ ሁሉ? አፈር ልብላ።

ሐሙስ፣ 28

የልጄን ደብተር ልይላት ብዬ ቦርሳዋን ስከፍት ሌላ ሥዕል አገኘሁ። ያው ሕፃን፣ ያው እናት። ፊሽካው የለም። የሕፃኑ አፍ ተከፍቷል፣ ከአፉ የሚወጣ ነገር ግን የለም፣ ባዶ ነው። እናትየው ከፊተኛዋ ይበልጥ ትሮጣለች፣ ሁለቱም ነጠላ ጫማዎቿ አየር ላይ ናቸው።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"ያኔ ጠይቄሽ ነበርኮ፣ ካላፏጨስ ብዬ። አልመለስሽልኝም። ራሴ መጽሐፍሽ ላይ አነበብኩት።" ከዚያ "ደክሞሽ ነበር" አለችኝ፣ እንደ ማባበል አድርጋ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እንደምታውቅ አውቃለሁ። የቤታችን በር ስስ ነው።

ዓርብ፣ 29

ጉንጮ ዛሬ ወጣች። ሳትወጣ በፊት እናትየውን ወደ ዕቃ ክፍላችን ወሰድኳት፣ ጓንትና ጠርሙስ የምናስቀምጥበት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ጉንጮ እናቷ እቅፍ ሆና ጓንት እየመዘዘች ትጥላለች።

"ያን ቀን የዘገየሽው በስንፍናሽ አይደለም" አልኳት። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካፏጨ ሩጪ አልኩሽ፣ ዝም ካለች ግን ከዚያ በላይ ሩጪ አላልኩሽም። አንቺ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው። ግማሹን ነው የነገርኩሽ።"

ይህን ለመናገር ከማክሰኞ ጀምሮ ስለማመድ ነበር። ታለቅሳለች ወይም ትጮህብኛለች ብዬ በሩን ዘግቼዋለሁ።

"አውቃለሁ ሲስተር" አለች።

"ምኑን?"

"ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሲያደርጉ ፊትዎን አየሁት። ያኔ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን በኔ ስንፍና ነው አልሽ? ዶክተሩ ሲጠይቅሽ፣ ለምን ራስሽ ላይ አላከክሽ?"

የጉንጮን ካልሲ ሳብ አድርጋ አስተካከለች። አንዴ፣ ሁለቴ። ካልሲው ምንም አልሆነም።

"እርስዎ ቢቀየሙኝስ?" አለች። "እኔ እኮ ነገም የምመጣው እዚሁ ነው። በሌሊት ይዣት ብመጣና እርስዎ ፊትዎን ቢያዞሩብኝ፣ ልጄን ማን ያይልኛል?"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ በእግዜር። ተሳስቼ ልጇን ልገድል ነበር፣ እሷ ደግሞ እንዳልቀየማት ትጨነቃለች። "እሺ ሲስተር፣ እሺ ሲስተር" እያሉ አንገታቸውን የሚነቀንቁልኝ እናቶች ሁሉ ታወሱኝ። ገብቷቸው ነው ስል ነበር።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። እሷ ደንግጣ "ኧረ በስማም፣ ሲስተር፣ ይተዉ!" አለችኝ። ጉንጮ አንድ ጓንት አነሳችና ሰጠችኝ።

ከዚያ ካርዱን አውጥቼ "እናት ዘግይታ ነው ያመጣቻት" የሚለውን ሰረዝኩት። ከበላዩ "በነርሷ የተሰጣት ምክር ጎደሎ ነበር" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ ሜትረኗ ጋ። አዳመጠችኝ፣ መነጽሯን አወለቀች፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አለችኝ፣ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ማተሚያ ቤቱ ጋ ደውላ አስቆመችው። "አስተካክለሽ ሰኞ አምጪልኝ" ነው ያለችኝ በመጨረሻ። "ጎበዝ" አላለችም፣ አልጠበቅሁምም።

ሰኞ፣ 2

አዲሱን ሰጠኋት፦ "ካፏጨ፣ ነይ። ዝም ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አልነቃ ወይም አልጠባ ካለ፣ ሩጪ።" ረዘመ አለች። አዎ፣ ረዝሟል። ሥዕሉ የልጄ ሁለተኛው ነው። ከሥሩ ስም የለም።

ሐሙስ፣ 5

ነብላይዘሩ ነገ ነው አሉ።

ዛሬ ዘጠኝ እናቶች ነበሩ። ከነገርኳቸው በኋላ "ገባችሁ?" ማለት ትቻለሁ። "እስኪ መልሰሽ ንገሪኝ" ነው የምለው። ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ ካርድ ክፍል ያሉት ይቆጡኛል። ግማሹ የሚመለስልኝ እኔ ያላልኩት ነው።

የጉንጮ እናት ለቀጠሮ መጥታ ከኋላ ቆማ ነበር። ጉንጮ አሁን የምትውለው የፀጉር ቤቱ ባለቤት እናት ጋ ነው፣ እናቷ አሠሪዋን ለምና። ለብቻዋ ፈታችው። እኔ ከዚያ አውጪያት ብያት የሄድኩበትን ነገር።

ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም። ጠርሙሱን ይዤ ለአንዲት አዲስ እናት እያሳየኋት፣ ማስኩን ልጇ አፍ ላይ አድርጌ ልነፋ ስል፣ ከኋላ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"ሲስተር…"

ዞር አልኩ። የጉንጮ እናት ናት፣ ጉንጮን እንዳቀፈች ፊቷ ቀልቷል፣ የሁሉም ሰው ዓይን እሷ ላይ ነው። አፍራ የምትተወው መስሎኝ ነበር። አልተወችውም።

"አይቀየሙኝና" አለች፣ "አልነቀነቁትም።"

እጄን አየሁ። እውነቷን ነው። "ልክ ነሽ" አልኳትና ነቀነቅሁት።